ውሃ ያዥና ውሃ ጠባቂ፦ የወላይታ የቅባት ሙያ

አንድ ሳፋ ውሃ፣ ሳሙና፣ በልክ የተጨመረ በረኪና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ። በወላይታ ዞን በፖዶኮኒዮሲስ እግራቸው ያበጠ ሰዎች የሚታከሙበት ዕቃ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው የቤት ዕቃ እንጂ ሕክምና አይመስለውም። ረጋ ብሎ ያየው ግን ውሃው ለምን እንደሚቀድም፣ በረኪናው ለምን እንደሚለካ፣ ቫዝሊኑ ለምን የቆዳው እርጥበት ሳይጠፋ እንደሚቀባ፣ ካልሲና ጫማው ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚመጡ ይገባዋል። አንዱ ከቦታው ቢነሣ የሌላው ሥራ ይጎድላል። ሙያ ማለት ይህ ነው።

የቅባትን ነገር ከዚህ ሳፋ አጠገብ ሆኖ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ብዙ ቅባት የሚሞከረው ድሮውኑ ጤነኛ በሆነ ገላ ላይ ነው። በወላይታ ግን በደነደነ፣ በሻከረና በተሰነጠቀ እግር ላይ ይፈተናል። እዚያ ያለፈ የትም ያልፋል። ከዚያ የምናገኘው ትምህርትም አጭር ነው። የቅባት ጥሩነት በንጥረ ነገሮቹ ብዛትም ሆነ በዋጋው አይለካም፤ የሚለካው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ሥራ፣ የራሱ መጠንና የራሱ ተራ ያለው በመሆኑ ነው።

ፈተናው

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ቀይ አፈር እንሰቱንም፣ ቡናውንም፣ ስኳር ድንቹንም ያበቅላል። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የመጣው ይኸው አፈር ለዓመታት በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ግን አደጋ አለው። ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ያስቆጣሉ፤ ከዚያ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ላዩ ይጎረብጣል። የአፈሩንና የበሽታውን ዝምድና በኢትዮጵያ ለዓመታት ያጠናውና ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ይለያል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን 5.46 በመቶ ያህሉ ሕዝብ በሽታው እንዳለበት አሳየ፤ በአገር ደረጃ የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በአንድ መሬት ላይ ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል ለሚለው ጥያቄም ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 መልስ አምጥተዋል። ከወላይታ የተወሰደውን ናሙና መርምረው፣ ለአፈሩ መጋለጥ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለም አረጋገጡ።

የታመመው እግር ቆዳ ደርቆ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። ያን ጊዜ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳት ይነሣል፤ ሰውየው ለቀናት ከአልጋ አይወርድም፣ እርሻውም ይቆማል። እብጠቱም ከእንዲህ ዓይነቱ ግርሻ በኋላ ይብሳል። ስለዚህ በዚህ እግር ላይ የሚቀባው ቅባት የመዋቢያ ጉዳይ አይደለም፤ በር መዝጊያ ነው። ቅባቱ ምን ምን እንደያዘ መመርመርም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግንቡ

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአብዛኛው ገላችን ላይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢወፍር ነው። ከአንድ ቅጠል ወረቀት እጅግ የሳሳ ነው ማለት ነው። ይህ ስስ ሽፋን ግን የሰውነታችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ፣ የውጭው ተሕዋስም እንዳይገባ ይከላከላል። አሜሪካዊው የቆዳ ተመራማሪ ፒተር ኤልያስ አሠራሩን በግንብ መስሎታል፦ የሞቱት ጠፍጣፋ ሴሎች ጡቡ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ጡቡን የሚያያይዘው ጭቃ። ከዚህ ስብ ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ፣ ሩብ ያህሉ ኮሌስትሮል ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው ነጻ የስብ አሲድ ነው። ጡቦቹ ውስጥ ደግሞ ውሃን ይዘው የሚያቆዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ አሚኖ አሲዶች፣ ላክቲክ አሲድ፣ ዩሪያ።

ቆዳ ደረቀ የምንለው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነው። ወይ ውስጥ ያለው ውሃ ያዥ አንሷል፣ ወይ ውሃውን የሚጠብቀው ስብ ተሸርሽሯል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለ የቆዳ ማለስለሻ ሁሉ ስሙና ዋጋው ቢለያይም ሥራው ከሦስት አይበልጥም። አንደኛው ውሃ ያዥ ነው፤ ግሊሰሪንና ዩሪያ እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ውሃ ጠባቂ ነው፤ ከላይ ሆኖ ትነቱን ይከለክላል፤ ቫዝሊን ቀዳሚው ነው። ሦስተኛው ሻካራውን አስተካካይ ነው፤ በተነሡት ሴሎች መካከል ገብቶ ላዩን ያለሰልሳል፤ ዘይቶችና ስቦች ይህን ይሠራሉ። አንዳንዱ ንጥረ ነገር ሁለት ሥራ ይደርባል። አንድን ቅባት ከሌላው ለማወዳደር የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከሦስቱ የትኛውን ሥራ ይሠራል? በምን ያህል?

ለጋው ቅቤ

ወላይታ ቅባትን ያወቀችው ከፋርማሲ አይደለም። የወላይታ ቅቤ ስሙ ከዞኑ አልፎ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ይጠራል፤ ለጊፋታ በዓል ሴቶች አስቀድመው ቅቤ ያጠራቅማሉ። የምግቡን ጣዕም ለሌላ ጊዜ ትቼ፣ ቅቤን እንደ ቅባት ልመልከተው። አሠራሩ ሊደነቅ ይገባዋልና።

ወተቱ በታጠነ ዕቃ ለቀናት እየተጠራቀመ ይረጋል። እርጎው ወደ መናጫው ማሰሮ ይገባል፤ አፉ በእንሰት ቅጠል ወይም በቆዳ ይታሰራል፤ ማሰሮው ወዲያና ወዲህ ይወዘወዛል። የታመቀው አየር በትንሿ ቀዳዳ በየጊዜው ይተነፍሳል። የምትንጠው ሴት ቅቤው መውጣቱን በመጀመሪያ የምታውቀው በጆሮዋ ነው፤ የእርጎው ድምፅ ይለወጣል። ካልተማመነች ቀጭን ሰንበሌጥ በቀዳዳው ሰድዳ ትስባለች፤ የቅቤ ቅንጣት ተጣብቆበት ከወጣ ደርሷል። ቀኑ ከሞቀ ቅቤው ይላላና ብዙው ስብ ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ ለመናጥ ቀዝቀዝ ያለው ሰዓት ይመረጣል። የወጣው ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ አሬራው እስኪለቅ በእጅ ይታሻል፣ በእንሰት ቅጠልም ይጠቀለላል።

በማሰሮው ውስጥ የሚሆነው ነገር የማንኛውም ክሬም አምራች ዋና እውቀት ነው። ወተት ማለት በውሃ ውስጥ የተበተነ ስብ ነው። እያንዳንዷ የስብ ጠብታ ስስ ሽፋን ስላላት ከጎረቤቷ ጋር አትዋሐድም። መናጡ ያን ሽፋን ይሰብራል፤ ጠብታዎቹ ይጋጠማሉ፤ በመጨረሻ ነገሩ ይገለበጥና በስብ ውስጥ የተበተነ ውሃ ይሆናል። ዛሬ በሱቅ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ሎሽኖች በወተቱ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ቀለል ይላሉ፣ ቶሎ ይሰርጋሉ። ወፍራሞቹ የብርድ ጊዜ ክሬሞች ደግሞ ብዙዎቹ በቅቤው ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ይከብዳሉ፣ ውሃን ግን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ፋብሪካው ይህን ልዩነት በማሽን የሚያመጣውን ያህል፣ ናጯ በክንዷና በጆሮዋ ታመጣዋለች። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ሙከራ፣ በዚያው በሸክላው መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መምቻ ጨምሮ የመናጫውን ጊዜ በእጅጉ አሳጠረ፤ የሚወጣውንም ቅቤ ጨመረ። ማሰሮውን ግን አልለወጠውም። የቀደመውን ሙያ አክብሮ ማሻሻል እንዲህ ነው።

የቅቤ ስብ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ይህም ከገላችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ይላል። በመዳፍ ሲታሽ የሚቀልጠው፣ ጸጉርና ቆዳ ላይ እኩል የሚሰራጨው ለዚህ ነው። ገበያችንም ቅቤን ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ ለይቶ ማስቀመጡ ተራ ነገር አይደለም። ቅቤ በቆየ ቁጥር ስቡ እየተፈታ ነጻ የስብ አሲድ ይበዛል፤ ቢዩቲሪክ አሲድ የሚባለው ደግሞ የበሳል ቅቤን ኃይለኛ ሽታ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ነጻ የስብ አሲድ ለወጥ ቅመም ሊሆን ይችላል፤ ቆዳን ግን ያስቆጣል። እናቶቻችን በሳሉን ለድስት፣ ለጋውን ለአናት የለዩት በአፍንጫቸው ፈትነው ነው፤ ኬሚስትሪውም ከእነሱ ጋር ይስማማል።

ይሁንና ሙያን ማድነቅ ገደቡንም ማየት ነው። ቅቤ ውሃ ጠባቂና አለስላሽ ነው፤ ውሃ ያዥነቱ ግን ትንሽ ነው። እርጎው የሚሰጠው ላክቲክ አሲድ ከቆዳ የራሱ ውሃ ያዦች አንዱ ቢሆንም፣ ከታጠበ ቅቤ ውስጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውስጡ የቀረው ውሃና የወተት ትራፊ ደግሞ ለተሕዋስ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ለጋ ቅቤ ለጤነኛ ቆዳና ለጸጉር ሊመች ይችላል፤ ለተሰነጠቀ እግር፣ ለቁስልና ለአራስ ሕፃን እትብት ግን ፈጽሞ አይሆንም። በሶዶው ሳፋ አጠገብ ቅቤ ሳይሆን ቫዝሊን የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቫዝሊንና ግሊሰሪን

ቫዝሊን የተገኘው ከነዳጅ ጉድጓድ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ሥፍራ ሄዶ፣ ሠራተኞች ከቁፋሮው ዘንግ ላይ እየጠረጉ የሚጥሉትን ሰም መሰል ዝቃጭ ቁስላቸውና ቃጠሏቸው ላይ ሲቀቡት አየ። ለዓመታት አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። የዚህ ነገር ውበት ጥንቅሩ ላይ ነው። ፈሳሽ ዘይትን ረቂቅ የሰም መረብ ይዞታል፤ ስለዚህ ጠጣርም ፈሳሽም አይደለም፤ ጣት ሲነካው ይለቃል፣ ሲተዉት ይረጋል። ውሃ ስለሌለው ተሕዋስ አይራባበትም፤ ስለዚህ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል አይፈልግም፤ እንደ ቅቤም አይሸትም።

በጠባቂነቱ አቻ የለውም ማለት ይቻላል። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ድረስ እንደሚቀንስ ይጠቀሳል፤ ሌሎች የተለመዱ ዘይቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢደርሱ ነው። ቆዳውን አፍኖ የራሱን ጥገና ያቆማል የሚለው ፍርሃትም ልክ አይደለም። የእነ ኤልያስ ቡድን እንዳሳየው ቫዝሊን ወደ ላይኛው ሽፋን ክፍተቶች ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ግንብም መጠገኑን ይቀጥላል። ገደቡ አንድ ነው፤ ያለውን ውሃ ይጠብቃል እንጂ ውሃ አያመጣም። በደረቀ ቆዳ ላይ ከቀባነው ድርቀቱን ነው የምንጠብቀው። እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ግን ሥራው ሙሉ ይሆናል። በእግር እንክብካቤው ቫዝሊን ከውሃው በኋላ ወዲያው የሚከተለው፣ አቧራ እንዳይጣበቅበትም ካልሲና ጫማ የሚከተሉት ለዚህ ነው።

ውሃውን የሚይዘው ግሊሰሪን ነው። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1779 የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር አፍልቶ ጣፋጭ ፈሳሽ አገኘ፤ ያ ፈሳሽ ግሊሰሪን ነበር። ከስብ ሳሙና ሲሠራም አብሮ ይወጣል፤ ቆዳን የሚያጥበውና ቆዳን የሚያረጥበው ከአንድ ስብ ይወለዳሉ ማለት ነው። በየፋርማሲያችን በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ይህ ወፍራም ፈሳሽ፣ እያንዳንዷ ሞለኪዩሉ ውሃን የምትይዝባቸው ሦስት ቦታዎች አሏት። ሆኖም ሳይቀጠን ብቻውን ከተቀባ ይጣበቃል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነም ውሃውን የሚስበው ከራሱ ከቆዳው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የግሊሰሪን ሙያ ማቅጠን ነው።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ የተሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ የቆዳ ሕክምና መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት ፖዶኮኒዮሲስ ያለባቸውን 193 ሰዎች በሁለት ቡድን ለይቶ ለሦስት ወራት ተከታተለ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የእግር እንክብካቤ ቀጠለ። ለሌላው ቡድን የመዘፍዘፊያው ውሃ ተቀነሰና 2 በመቶ ግሊሰሪን ተጨመረበት፤ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከቆዳው የሚተነውን ውሃ በመሣሪያ ሲለኩ፣ የሁለቱም ቡድን ቆዳ ተሻሽሎ ነበር፤ የግሊሰሪኑ ቡድን ግን የበለጠ።

የዚህን ሐሳብ ጥራት ልብ በሉ። አዲስ ክሬም አልፈጠሩም፤ ከግሊሰሪኑ በቀር አዲስ ዕቃም አልጨመሩም። ክሬም አምራች በአንድ ማሰሮ ሊያዋሕደው የሚደክምበትን ነገር በጊዜ ከፋፈሉት። ውሃውና ግሊሰሪኑ መጀመሪያ በመዘፍዘፊያው ይገባሉ፤ ጠባቂው ቫዝሊን ኋላ ይመጣል። ውሃንና ስብን አንድ ላይ ለማሰር የሚያስፈልገው ማያያዣ፣ ውሃ ስላለ የሚያስፈልገው ማቆያ ኬሚካል፣ ሽቶው ሁሉ ከመንገድ ወጣ። በዚያ ላይ ውሃው ቀነሰ። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት ገጠር በቀን ጥቂት ሊትር ማትረፍ ሕክምናው እንዲቀጥል ወይም እንዲቋረጥ ይወስናል። ይህን ያየ ተመራማሪ የቆዳውን ብቻ ሳይሆን የቀጂዋንም ድካም አስቧል።

የዊትፊልድ ቅባት

ሳፋው አጠገብ የሚያስፈልግ ሌላም ቅባት አለ፤ በጣቶች መካከል ፈንገስ ሲኖር የሚቀባው የዊትፊልድ ቅባት። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዛዊው ሐኪም በአርተር ዊትፊልድ የተቀመመ ሲሆን፣ ቀመሩ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድ፣ 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ቀሪው 91 በመቶ ማሰሪያ ቅባት።

በዚህ ቀመር ውስጥ ሥራ ፈት የለም። ቤንዞይክ አሲድ የፈንገሱን እድገት ይገታል። ነገር ግን ፈንገሱ በደነደነው ሽፋን ውስጥ ተደብቋል፤ ስለዚህ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀድሞ ያን ሽፋን ያላላል፣ ይልጣል፤ መንገድ ይከፍታል። ማሰሪያው ራሱ ሦስት ነገር ነው፤ 30 እጅ ማያያዣ ሰም፣ 50 እጅ ነጭ ቫዝሊን፣ 20 እጅ ፈሳሽ ፓራፊን። ቫዝሊኑ አካል ይሆናል፣ ፓራፊኑ ያላላዋል፣ ሰሙ ደግሞ ቅባቱ በውሃ እንዲለቅ ያደርጋል። መድኃኒት ቀማሚው ሦስቱን አቅልጦ እስኪቀዘቅዝ ያማስላል፤ ማማሰሉን ቀድሞ ካቆመ ሰሙ ለብቻው ይጓጉላል። ዱቄቶቹን አድቅቆ ይነፋል፤ በመጀመሪያ በጥቂት ማሰሪያ ያሻቸዋል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል፣ ቀጥሎ የዚያን እጥፍ እየጨመረ ያዋሕዳል። ሁሉን በአንዴ ቢጨምር አንዱ ጥግ አሲድ ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። በደንብ የተቀመመ የዊትፊልድ ቅባት በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ አሸዋነት አይሰማም። የቀማሚው እጅ የሚመሰከርለት በዚህ ነው።

በአንድ እግር ላይ ሁለት ቅባት ሁለት ቦታ ይይዛል፤ በጣቶች መካከል ፀረ ፈንገሱ፣ በቀረው የእግር ቆዳ ላይ ለስላሳው። በጣቶች መካከል ቫዝሊን ከተጠቀጠቀ እርጥበቱ ታፍኖ ቆዳው ይበሰብሳል፤ ፈንገሱም ይመቸዋል። ስለዚህ እዚያ ፎጣው እስከ መጨረሻው ማድረቅ አለበት፤ ተረከዙ ላይ ግን ጥቂት እርጥበት መቅረት አለበት። ሁለቱን ቦታዎች የሚለያቸው የጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ያን ልዩነት የምታውቅ የጤና ሠራተኛ እጅ የባለሙያ እጅ ነው።

ማያያዣው ሰም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጡ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የተባለ አጣቢ አለ። ይኸው ሰም ያለበት በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት እንደ ማለስለሻ የታዘዘ ተራ ክሬም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች ክንድ ላይ ለአራት ሳምንት ሲሞክሩት የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ሲያሳሳ ተገኘ። ስህተቱ ያለው በዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ሳይሆን እነሱን በሚያያይዘው ላይ ነበር። የዊትፊልድ ቅባትም ለተወሰነ ጊዜ የታዘዘ መድኃኒት እንጂ የየቀን ማለስለሻ ያልሆነው ከአሲዶቹ በተጨማሪ ለዚህም ነው።

መለያውን ማንበብ

ይህን ይዘን ወደ ሱቅ መደርደሪያ እንሂድ። በጥሩ ሥርዓት የተጻፈ የሎሽን መለያ ንጥረ ነገሮቹን ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረድራል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ብቻ በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ብዙ ሎሽኖች ላይ ፊኖክሲኤታኖል የተባለ ማቆያ ይገኛል፤ የአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ስለዚህ በዚያ ሕግ በተሠራ ሎሽን ላይ ከዚህ ስም በኋላ የተጻፈ ነገር ሁሉ ከመቶ አንድ እጅ አይበልጥም። ከጠርሙሱ ፊት በትልቁ የተሣለው እሬት ወይም ማር ከፊኖክሲኤታኖል በኋላ ከተጻፈ፣ የከፈልንበት ሥዕሉን ነው። ግሊሰሪን ከውሃ ቀጥሎ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆነ ግን ሎሽኑ ይሠራል። ስሟ አልኮል ብትልም ሴቴሪል አልኮል አታደርቅም፤ ሰም መሰል አለስላሽ ናት።

ዩሪያን ብናይ መጠኑን እንጠይቅ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ውሃ ይይዛል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የደነደነ ቆዳን ይልጣል። አንድ ንጥረ ነገር በመጠኑ ብቻ ሥራው ይለወጣል። የማዳበሪያው ዩሪያ ለቆዳ የተጣራ ስላልሆነ በፍጹም አይተካውም። ሴራማይድ ጥሩ ነው፤ የግንቡ ጭቃ ራሱ ነውና፤ ከኮሌስትሮልና ከስብ አሲድ ጋር በልክ ሲቀርብ ደግሞ የተሻለ ይጠግናል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ግሊሰሪንና ቫዝሊን አብዛኛውን ሥራ በጥቂት ብር ይሠራሉ። መለያ የሌለው፣ ቆዳ አነጣለሁ የሚል ክሬም ግን ከውድድሩ ውጭ ነው፤ በእንዲህ ያሉ ክሬሞች ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ ወይም ቆዳ የሚያሳሳ ጠንካራ ስቴሮይድ በየአገሩ እየተገኘ ነው።

የሥራው ምስክር

በወላይታ ይህን እንክብካቤ ለሕዝብ ያደረሰው የእግር እብጠት ሕክምናና መከላከያ ማኅበር ነው፤ ለዓመታት በኢትዮጵያ የሠራው ሚሲዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1998 መሠረተው። ከበሽታው ያገገሙ ሰዎችን አሠልጥኖ ሌሎችን እንዲያክሙ አደረገ፤ ለተራ ጫማ የማይገባ እግር በልኩ ቆዳ ቆርጠው የሚሰፉ ጫማ ሠሪዎችንም አፈራ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ 33 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ቆዳው በኑሯቸው ላይ ያደረሰው ጫና በመመዘኛው 21 የነበረ ወደ 6 ወረደ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኑሮ ቀሏል ማለት ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ ግርሻው ለአንድ ሰው በዓመት እንክብካቤውን ባላገኘው ቡድን 23.9፣ ባገኘው ቡድን ግን 19.4 እንደነበረ አሳየ። የቀረው አሁንም ብዙ ነው። ቅባት እብጠቱን ጨርሶ አያጠፋም፤ ጫማው፣ መጠቅለያው ፋሻና እንቅስቃሴውም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ከአምስት ግርሻ አንዱ ቀረ ማለት፣ ገበሬው እርሻው ላይ፣ እናቲቱ ገበያ የምትውልባቸው ብዙ ቀናት ተመለሱ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህ ሥራ ርካሽ ዕቃ ስለሚጠቀም ተራ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለጋን ከበሳል በአፍንጫ መለየት፣ የንጥን መድረስ በጆሮ ማወቅ፣ አሲድን ከማሰሪያ ጋር ያለ አሸዋ ማዋሐድ፣ ሃያ ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ለክቶ ማቅጠን፣ ጣት መካከሉን አድርቆ ተረከዙን አርጥቦ መተው፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ የሙያ መዝገብ መግባት ይገባቸዋል። ጤና ጣቢያዎቻችን ሰነፍ በሆነ የግዥ ሥርዓት ምክንያት ቫዝሊንና ግሊሰሪን ሊጎድልባቸው አይገባም፤ ቀማሚዎቻችን የዊትፊልድን ቅባት በአገር ውስጥ መቀመምን ሊረሱ አይገባም፤ ሎሽን ወደ አገራችን የሚያስገባ ነጋዴም የንጥረ ነገሩን ዝርዝር በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ሊያስነብበን ይገባል። ገዢውም በበኩሉ የትኛውንም ቅባት ሲያነሣ ሦስቱን ይጠይቅ፤ ውሃ ያዡ ማን ነው? ጠባቂው ማን ነው? መጠናቸውስ ስንት ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ቅባት በሃያ ብርም ይገዛ በሁለት ሺህ ብር፣ በባለሙያ እጅ የተሠራ ነው።